አምስት ቀሚስ ለብሼ የወጣሁበት ረቡዕ

ከሞያሌ የመጣ ሰው የጉምሩክ ልብስ ሲያይ እግሩ ከጭንቅላቱ ይቀድማል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ያደግሁባት ከተማ ግማሿ ኢትዮጵያ፣ ግማሿ ኬንያ ናት። እናቴ ማዶ ተሻግራ ልብስ ትገዛለች፣ እኔና እህቴ ደራርበን ለብሰነው እንመለሳለን። ስንሄድ ሁለት ቀጫጭን ልጆች፣ ስንመለስ ሁለት ድብልብሎች። ገበያው ውስጥ “ፊናንስ መጣ” ከተባለ፣ የጉምሩክ ፖሊሱን ማለታቸው ነው፣ የራስም ይሁን የጎረቤት ያገኙትን ልብስ ደርቦ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። መሮጥ የለም፤ የሮጠ ይያዛል። ይህን ማንም አስቀምጦ አላስተማረኝም፣ መራመድ ስለምድ አብሬ የለመድኩት ነገር ነው።

አሁን የምኖረው ፍራንክፈርት ውስጥ፣ ጋሉስ ሰፈር ነው። ጠዋት ጠዋት ሆኽስት በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ እሠራለሁ፤ ረቡዕ ከሰዓትና ቅዳሜ ደግሞ ቤቴ አጠገብ ባለች አንዲት ትንሽ ሱቅ። ሱቋ የምግብ ሙዝ፣ ስኳር ድንች፣ የፀጉር ቅባት፣ ዊግና ዓይን የሚያጥበረብሩ የበጋ ቀሚሶች ትሸጣለች። ባለቤቷ ከካሪቢያን የመጣች፣ ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። እናቴ ይህን ብታነብ “ትልቅ ሰው እንዲህ ይጠራል?” ብላ እንደምትቆጣኝ አውቃለሁ። ግን በመጀመሪያው ቀን በጀርመንኛ የአክብሮቱን “ዚ” ብዬ ሳናግራት ፊቷን አኮማትራ፣ እሷን “ዚ” የሚላት መጥፎ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ሰው ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ “ዱ” ነን። እሷ እኔን “ሚሃ” ትለኛለች፣ በስፓኒሽ “ልጄ” እንደማለት።

ሥራውን ያገኘሁት ዕቃ በማሰር ነው። ሙዝ ልገዛ ስገባ አንድ የልብስ ቦንዳ በሩ ላይ ተፈትቶባት፣ ቀሚሶቹ መንገድ ላይ ተበትነው አገኘኋቸው። ሳልጠየቅ ተንበርክኬ ሰበሰብኳቸው፣ በአንድ ጉልበቴ ተጭኜ ገመዱን ከአራት ማዕዘን ስቤ አሰርሁት። ቆማ ስታየኝ ቆየች።

“ከየትኛው ድንበር ነሽ?” አለችኝ።

ጀርመን አገር ከገባሁ ጀምሮ ከየት አገር ነሽ፣ ስንት ዓመትሽ ነው፣ ለምን መጣሽ ያላለኝ ሰው የለም። ይህን ጥያቄ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ደስ አለኝ።

የእሷ ከተማ ያለችው ሁለት አገሮች በሚካፈሏት ደሴት ላይ ነው። ከወንዙ ወዲህ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ከወንዙ ወዲያ ሃይቲ፣ በመካከል አንድ ድልድይ። በሳምንት ሁለት ቀን የድልድዩ በር ይከፈትና ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ይፈስሳል። የማዶዎቹ ልባሽ ጨርቅ፣ ጫማና ነጭ ሽንኩርት በራሳቸው ላይ ተሸክመው ይመጣሉ፤ የወዲህኞቹ እንቁላል፣ ሩዝ፣ ፓስታና በጆንያ የተጠቀለለ በረዶ ይሸጣሉ። በረዶው ድልድዩን ተሻግሮ እስኪያልቅ ግማሹ ውሃ ስለሚሆን፣ በረዶ ተሸካሚ ሁልጊዜ ይሳደባል፣ ሁልጊዜም መንገድ ይለቀቅለታል። ድልድዩ በሚዘጋበት ቀን ደግሞ ጫማ አውልቆ በወንዙ መሻገር አለ። ጠባቂው ካየ ዞር ይላል፣ ካላየም ዞር ይላል። ከዋናው ከተማ አዲስ አለቃ የመጣ ሳምንት ብቻ ሁሉም ጥብቅ ይሆናል።

እናቷ የማዶ፣ አባቷ የወዲህ ሰው ናቸው። ስትረጋጋ በስፓኒሽ፣ ስትናደድ በክሪዮል ትቆጥራለች። እኔም ስናደድ በኦሮምኛ፣ ስሸጥ በስዋሂሊ እቆጥር እንደነበር ስነግራት እጄን ይዛ አልለቀቀችኝም። ሴቶቹ ልብስ ደራርበው ለብሰው ድልድዩን እንደሚሻገሩ ስታወራልኝማ፣ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ የሞያሌን ብልሃት ማን እንደወሰደላቸው ገርሞኝ ነበር። እሷ ደግሞ ማን ለሞያሌ እንዳመጣላት ጠየቀችኝ። በዚህ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ቀጠረችኝ፣ ግን ሥራ አላስጀመረችኝም። አንሜልዱንጉ፣ ማለትም ሠራተኛ ሆኜ የተመዘገብኩበት ወረቀት እስኪመጣ ድረስ አንድ ሙዝ እንኳ እንድነካ አልፈቀደችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እየመጣሁ እንደ እንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። አንድ ቀን የደንበኛ ዘንቢል ወድቆ ላነሳ ስጎነበስ እጄን መታችኝ። አካበድሽው ብዬ ሳቅሁባት። እሷ አልሳቀችም። ከሁለት ዓመት በፊት ጾል፣ የዚህ አገር ጉምሩክ፣ ድንገት ሱቋ ገብቶ “ያልተመዘገበ” አግኝቶባት ተቀጥታለች። ሁለተኛ ከተገኘባት ሱቋ እንደሚዘጋ በደብዳቤ ተነግሯታል። ከሱቋ ሌላ መተዳደሪያ የላትም፣ በዚህ ዕድሜዋም ሌላ ሥራ የሚሰጣት የለም።

“ያልተመዘገበ” ስትል እኔ የሰማሁት ዕቃ ነው። ምን ልስማ ታዲያ? ጉምሩክ አይደል ያለችው? የእሷም ጀርመንኛ የእኔም ጀርመንኛ ስብርባሪ ነው፤ ሁለት ስብርባሪ ተገጣጥሞ ሙሉ ብርጭቆ አይወጣውም። የእኔን ወረቀት የሥራ ቢሮ ጣጣ ነው ብዬ ለብቻው አስቀመጥሁት፣ የጾሉን ነገር ለቀሚሶቹ ሰጠሁት። እሷ ያለችኝ ግን በበዓል ሰሞን ሳትመዘገብ ስታግዛት ስለተገኘችው የእህቷ ልጅ ነበር።

ያ ረቡዕ የሐምሌ ሙቀት ነበር። ጓዳ ውስጥ አዲስ የመጡ ቀሚሶችን እያንጠለጠልሁ ሳለ በመጋረጃው ቀዳዳ ሁለት ሰዎች ሲገቡ አየሁ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ሴትዮዋ በሩን ልትዘጋ ዞር ስትል ጀርባዋ ላይ በትልልቅ ፊደል ጾል የሚል ተጽፏል። ሌላ አላሰብኩም። ቀሚሶቹ ደረሰኝ እንዳላቸው፣ ደረሰኞቹም ማኅደር ውስጥ በተራ እንደተቀመጡ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያን ሰዓት ግን ከየት ይምጣልኝ። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? ከሱሪዬና ከቲሸርቴ በላይ አምስት ቀሚስ ደርቤ፣ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ፣ በጓሮው በር ወጣሁ። ሰውየው በመስኮት አየኝና “ሃሎ” ብሎ ጠራኝ። አልሮጥሁም። እንደተማርሁት ቀስ ብዬ፣ ዞርም ሳልል ሄድሁ።

እስከ ኦይሮፓፊርቴል ሰፈር ድረስ በኩራት ተራመድሁ። ላቡ ጀርባዬን እያጠበኝ፣ አምስት ቀሚስ አተረፍሁላት፣ ከእንግዲህ ምን ያገኙባታል እያልሁ። አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ የሱቃችን ደንበኛ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ በልጅነታቸው በአማርኛ ተምረው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሆኽስት የኬሚካል ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ። አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል፣ ስህተቴን ሳያርሙ አያልፉም። እንደ ሽንኩርት ተሸፋፍኜ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ ጀብዱዬን አወራሁላቸው። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ከዘራቸውን ይዘው ቆሙ።

“ጓለይ፣ ልጄ፣ የዚህ አገር ጉምሩክ ሱቅ የሚገባው ዕቃ ፍለጋ መሰለሽ? ሠራተኛ ፍለጋ ነው። ያልተመዘገበ ሰው ይሠራል ወይ ብሎ ነው። የሚፈልጉት ቀሚሱን አይደለም፣ አንቺን ነው።”

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥለው፣ በሕግ የተመዘገበ ሠራተኛ በጓሮ በር እንደማይወጣ፣ የወጣውን ሰው ጾሎቹ ምን ብለው እንደሚያስቡ ቀስ አድርገው ነገሩኝ። እዚያው ተቀምጬ እጄን የመታችኝ ቀን፣ ሦስቱ ሳምንት፣ ደብዳቤው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ። ያተረፍሁላት መስሎኝ ሱቋን በገዛ እጄ እየዘጋሁባት ነበር። እኚያን ደግ ሰው እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳልላቸው ተነሣሁ፣ ያን ጊዜ ግን ሮጥሁ።

በአምስት ቀሚስ መሮጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የታችኛው ከጉልበቴ ይጠመጠማል፣ የላይኛው ከላቤ ጋር ይጣበቃል። አንዲት ሕፃን ጋሪዋ ውስጥ ሆና በጣቷ አሳየችኝ። እኔ ግን የማስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ሄደው ከሆነስ?

አልሄዱም። ባለሱቋ መሃል ላይ ቆማለች፣ ማኅደሩ ተከፍቷል፣ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ሰውየው ይጽፋል። የተመዘገበች ሠራተኛ እንዳለቻት በወረቀት አሳይታቸዋለች፤ እነሱ ደግሞ ወረቀቱ የአንዲት ሰው ነው፣ የሸሸችው ሌላ ናት ብለው ነበር። ሃያ ደቂቃ ሙሉ “አንድ ሰው ናት” ስትላቸው ቆይታለች። ስትደውልልኝ ስልኬ ከጓዳ ነው የጠራው፤ ይህም አላገዛትም።

ከሱሪዬ ኪስ መታወቂያዬን፣ አውስቫይሴን ለማውጣት አምስት ቀሚስ መግለብ ነበረብኝ። ሴትዮዋ መታወቂያውን ተቀብላ ፊቴን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ እንደገና ፊቴን አየች። ከዚያ ዓይኗ አንገቴ ላይ የተንጠለጠሉት አምስት የዋጋ ወረቀቶች ላይ አረፈ። ለምን ወጣሽ አለችኝ። ዕቃዋን ላድንላት ብዬ ነው አልኋት። የጀርመንኛዬ ሰዋስው እንኳን ለጾል ለእኔም አልተገለጠልኝም። ሁለቱ ተያዩ።

ያን ጊዜ ባለሱቋ ገባት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተመለከተችኝ። ከዚያ በሁለት ድንበር ያደግን ሴቶች መሆናችንን፣ ለእኛ ጉምሩክ ማለት ልብስ የሚወስድ ሰው እንደሆነ፣ እኔ ከመመዝገቤ በፊት ሙዝ እንኳ እንዳልነካሁ፣ እየተንተባተበችም ቢሆን አስረዳቻቸው። ሰውየው ቀሚሶቹ ደረሰኝ እንዳላቸው ጠየቀ። ሌላውን ማኅደር አወጣችለት። ደረሰኙን ይዞ እኔን እንድዞር አዘዘኝና አበባውን፣ ሰማያዊውን፣ ባለ መስመሩን እያለ አንድ በአንድ አመሳከረ። እንደ ልብስ ቤት አሻንጉሊት ዞርሁለት። ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ሙዙ አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

በመጨረሻ ወረቀቱን ለፊርማ ሰጧት። ምንም ጉድለት አልተገኘም ይላል። ሦስት ጊዜ አነበበችው፣ በትክክል ማንበቧን እንዳረጋግጥላት ለእኔም አስነበበችኝ፣ ፈረመች። ሴትዮዋ ስትወጣ ውሃ ጠጪ አለችኝ። በሩ ተዘጋ። ከዚያ እፎይ ብዬ ሙዝ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አልሁ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ተነሺ አለችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ፣ መቆጣትም ይገባት ነበር።

ቀሚሶቹን ታወልቅልኝ ጀመር። ዚፑን ፈታ ወደ ላይ ስትገፍፈው ጭንቅላቴ ጨርቁ ውስጥ ቀረ፣ እጆቼም ተጠላለፉ። እዚያ ውስጥ ሆኜ ሰማኋት። ወጣት ሳለች አንድ ቀን ድልድዩ ላይ ወታደሮች መጥተው ሰው ሁሉ የሚሸጠውን ልብስ ደራርቦ ሸሽቷል። እሷ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረችና መፍጠን አልቻለችም፣ ያላት ሁሉ እዚያው ተወሰደ።

“ሁሉም የየራሱን ለበሰ” አለችኝ። “እስከ ዛሬ የእኔን ለብሶ የወጣልኝ ሰው አልነበረም፣ ሚሃ።”

ጨርቁ ፊቴ ላይ ስለነበረ ፊቷን አላየሁም። እጅሽን ወደ ላይ አድርጊ አለችኝ፣ አደረግሁ።