የጋሽ ይመለስ አንዲት መስመር

ያን ዓመት ክረምቱ ሳይጠራ እንደመጣ እንግዳ ነበር፤ ቶሎ ገባ፣ እወጣለሁም አላለ። በወደቡ ሠፈር ያለው ቆርቆሮ ሁሉ ቀን ከሌት ይንጫጫል፣ ልብስ አይደርቅም፣ ወረቀት እንኳ እንደ ጨርቅ ይልፈሰፈሳል። የጋሽ ይመለስ ሚስት ያን ክረምት የምታስታውሰው ግን በዝናቡ አይደለም፤ ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ አልጋ ሥር በመክረሙ ነው።

ባሏ በጉምሩክ የኮንቴይነር መዝገብ ያዥ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኮንቴይነር ዕቃ ጭኖ ከውጭ ሲመጣ ዕቃው ይቀራል፣ ሣጥኑ ግን እንግዳ ነው። ያለ ቀረጥ ይገባል፣ ዓመት ሳይሞላው ከአገር ይወጣል። በጎኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር፣ መግባቱ በግራ፣ መውጣቱ በቀኝ ይጻፋል። በቀኝ በኩል ባዶ ቦታ ካየ ሰውየው እንቅልፍ የለውም። ጫኝና አውራጆቹ “ጋሽ ይመለስ” ያሉት ለዚህ ነው። እስክርቢቶ የተዋሰው ሰው እንኳ የመመለሻው ቀን ይቆረጥለታል።

ጡረታው ደርሶ ነበር። ከባሕሩ ርቃ የምትኖረው ልጃቸው ክፍል አሰናድታ፣ መጋረጃ ሰቅላ ትጠብቃቸዋለች። ነገር ግን መዝገቡ ካልጠራ የመሰናበቻ ወረቀት የለም፤ በመዝገቡ ላይ ደግሞ አንዲት መስመር ክፍት ነበረች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የገባች፣ መውጣቷ ያልተጻፈ ኮንቴይነር።

“አንድ አሮጌ ሣጥን ነው፤ ጠፋ ብለህ ጻፍና እንሂድ” አለችው ሚስቱ።

“ብረት እግር የለው፣ እንዴት ብሎ ይጠፋል?”

“ጡረታህም እግር የለውም፤ ይኸው ጠፋ።”

ዝናብ እየደበደበው ከተማውን አሰሰ። ኮንቴይነር ሱቅ ያደረገውን ሰው ሁሉ በር አንኳኳ። ኮንቴይነር ውስጥ የምትሠራ ፀጉር ሠሪ ዘንድ ገብቶ፣ የደንበኛዋ ራስ በአረፋ እንደተሸፈነ፣ መስተዋቱን ከግድግዳ አስነቀለ።

“አባባ፣ ምን ጠፍቶብዎ ነው?”

“ቁጥር።”

“ፀጉርዎም ጠፍቷል፤ እሱን ግን እንዲህ ሲፈልጉት አላየንም።”

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ሚስቲቱ ምሳውን ይዛለት ሄደች። ቢሮው በር ላይ ጃንጥላዋን ስታራግፍ፣ ዝናብ ከላጠው ቀለም ሥር ፊደልና ቁጥር ብቅ ብሎ አየች። ለነገር ያህል ጮክ ብላ አነበበችው። ባሏ ውስጥ ሆኖ የሰማውን በልማዱ ሲጽፍ ሲጽፍ፣ እጁ መሀል ላይ ቆመ።

የሚፈልጋት ኮንቴይነር ያው ቢሮው ነበረች። መስኮት ተቆርጦላት፣ ቀለም ተቀብታ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ እሷኑ ሲጠብቅ ኖሯል። ያዘለችውን ልጅ ጎረቤት ለጎረቤት የምትፈልግ እናት አለች ሲባል ሚስቲቱ አታምንም ነበር። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

አለቃው፣ በዕድሜ ልጁ የሚሆን ሰው፣ ተጠርቶ መጣ።

“ጋሼ፣ ወጣች ብለው ይጻፉና ይረፉ። ማን ያያል?”

“እኔ።”

“መስኮት ያላትን ሣጥን የትኛው መርከብ ይጭናል?”

“መስኮቱ ይበየዳል።”

ተበየደ። በሳምንቱ ክሬኑ ሲያነሣት ጋሽ ይመለስ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፤ ለአባቱ ቀብር እንኳ እንደዚያ አልቆመም። ከዚያ በቀኝ በኩል ጻፈ። የመሰናበቻ ወረቀቱም እዚያው ሊፈረምለት ሆነ።

ይሁንና ጠረጴዛው፣ የፋይል ሣጥኑና አራት ሠራተኛ ዝናብ ላይ ቀሩ። አለቃው ከመርከብ ድርጅቱ ሌላ ኮንቴይነር ለምኖ ከሰዓት በኋላ አስመጣ።

“ቢሮ እስኪሠራ ለጊዜው ነው። መዝገብ ላይ አናስገባትም” አለ።

“ሳትጻፍማ አትገባም” አለ ጋሽ ይመለስ።

“እሺ፣ ማን ተረከበ ይባል? እኔ አልፈርምም።”

ሠራተኞቹ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ባሏን ልትወስድ መጥታ ከአጥሩ ወዲያ የቆመችው ሚስቱ፣ እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሲሄድ አየች።

“ተው” አለችው፣ ድምጿን ሳታነሣ።

አልተወም። በግራ በኩል የገባችበትን ቀን ጻፈ፣ ተረካቢ ብሎ የራሱን ስም ጻፈ፣ ፈረመ። ቀኙ ባዶ ሆነ። አለቃው የመሰናበቻውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ በዚያ ቀን ሁለቱ እርስ በርስ ተያያዙ።

“ታዲያ መቼ ነው የምንሄደው?” አለችው ማታ፣ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ።

“እሷ ስትወጣ።”

“እኔ ነገ እወጣለሁ።”

መለመን አልለመደም፤ አርባ ዓመት የተማረው መመዝገብ ነው። ጠዋት ሻንጣዋን እስከ አውቶቡሱ ተሸከመላት። መቼ እንደምትመለስ አልጠየቃትም፤ በሕይወቱ ቀን ሳይቆርጥ የሸኘው እሷን ብቻ ነው።

ቢሮው እስካሁን አልተሠራም። እሷ ልጇ ዘንድ ናት። እሱ ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ የታየው፣ ከወደቡ ሁለተኛ በር በስተግራ ባለችው፣ ራሱ በተረከባት ሰማያዊ ኮንቴይነር ውስጥ፣ መዝገቡ ፊት ተቀምጦ ነው።