ለአባቴ ቀላል ጠመንጃ ስንፈልግ

የአባቴ ሕመም የጀመረው ከሸሚዝ ቁልፍ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ሱሉልታ ቤታችን በረንዳ ላይ ቆሞ የላይኛዋን ቁልፍ ለማስገባት ሲታገል አየሁት። ሦስት ጊዜ ሞከረ። ከዚያ የሚያየው ሰው እንደሌለ ለማረጋገጥ ዞር ዞር ብሎ አየና ኮሌታውን ክፍት ትቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እኔ በመስኮት አይቼዋለሁ።

ወር ሳይሞላ ደግሞ ጠመንጃው ከእጁ ወደቀ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የአንድ አደን አስጎብኚ ድርጅት ሹፌር ነበር። አዳኞቹን ይዞ ቆላ ይወርዳል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ከአደን ሲመለሱ መሣሪያቸውን ይወለውላል። ጡረታ ከወጣ በኋላ የቀረችው ደስታ ቅዳሜ ቅዳሜ የአደን ፈቃዱን በደረት ኪሱ ከቶ ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ቆቅ ማደን ነበረች። ሁለት ይዞ ከመጣ ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ግን ተኝቶ እንደጠገበ ሰው ፊቱ ፈካ ብሎ ነው። መሣሪያው አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው፤ ከባድ፣ የእንጨት ሰደፉ በእጁ ወዝ የጠቆረ። ያን ቀን ወልውሎ ጨርሶ ወደ ቁም ሳጥኑ ሊመልሰው ሲያነሳው ግራ እጁ ከዳው። ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ሰምቼ ከጓዳ ሮጬ ወጣሁ። አባቴ የወደቀውን ጠመንጃ አላየውም። እጁን ነበር የሚያየው።

እኔ የመጨረሻ ልጁ ነኝ። ሰበታ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ያን ጊዜ እዚያው ቤት ተከራይቼ ስኖር ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር ወደ እሱ የምመጣው። እናቴ ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ወንድሞቼም ከአገር ወጥተዋል። ስለዚህ ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ውጤቱንም ኮሪደር ላይ ቆሜ የሰማሁት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ወጣት ነበረች። ጡንቻን የሚያዝዙት ነርቮች እየሞቱ መሆናቸውን ነገረችኝ። መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ እግር፣ ከዚያ መዋጥና መናገር፣ በመጨረሻ መተንፈስ። መድኃኒቱን ስጠይቃት ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች።

ከሥራ ባልደረባዬ የተዋስኩት መኪና ውስጥ ስገባ አባቴ ምን እንዳለች አልጠየቀኝም። ቀበቶውን ማሰር አቅቶት ስለነበር ጎንበስ ብዬ አሰርኩለት። እንጦጦን አልፈን ወደ ሱሉልታ ስንወርድ፣

«ቀላል ጠመንጃ ፈልጊልኝ» አለ።

«ምን?»

«የእኔው ከብዶኛል። ፓምፕ የሚሉት አለ፣ ቀለል ያለ። ለቆቅ ይበቃል። እጄ ሳይብስ።»

ሊስቅ ፈልጎ መሰለኝ። እኔ መሪውን ይዤ አለቀስኩ። እሱ ወደ ውጭ፣ መንገድ ዳር ወደሚሮጡት አትሌቶች ያይ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ቤቴን ለቅቄ ወደ እሱ ገባሁ። በየቀኑ ሦስት ታክሲ እየቀያየርኩ ሰበታ መመላለስ ጀመርኩ። ፍለጋውንም የጀመርነው ከሰበታ ነው። እዚያ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ጠጋኝ አለ፤ ሙስሊም፣ ሥራውን ከአባቱ የወረሰ፣ ቃላት የሚቆጥብ ሰው። ሰዎች ሊያዛውሩት የሚፈልጉት መሣሪያ ሲኖር ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው። አባቴን ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠውና ለምን እንደሚፈልገው ጠየቀው።

«ለቆቅ» አለ አባቴ። «ካገኘሁ ለጅግራም።»

ሰውየው መጀመሪያ ያመጣው በራሱ ጥይት የሚጎርስ ነበር። «ይሄ ትከሻ አይመታም። ግን ክብደት አለው» አለ። አባቴ አነሳው፣ ወደ ትከሻው ወሰደው፣ ግድግዳው ላይ ያለ ምስማር ላይ አነጣጠረና በልቡ ቆጠረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። አራት ላይ አፈሙዙ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አወረደው።

ሁለተኛው ፓምፕ ነው፤ የቱርክ ሥራ፣ ሰደፉ ፕላስቲክ፣ አፈሙዙ አጠር ያለ። እሱን ስድስት ድረስ ቻለው። ፊቱ በራ። ጠጋኙ ግን አልተደሰተም።

«አባባ፣ ፓምፕ የሚሠራው በግራ እጅ ነው» አለ በቀስታ። «ከስር ያለውን እጀታ ወደ ኋላ ስበው ወደ ፊት ካልገፉት ቀለሁ አይወጣም፣ ሌላ ጥይት አይገባም። ደግሞ ሲቀል ይመታል። ከባድ ጠመንጃ በክብደቱ የሚቀንሰውን ምት ትከሻዎ ነው የሚቀበለው።»

አባቴ እጀታውን ሳበው። ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ሁለተኛ ሲስበው ሄደለት። ጠጋኙ የአባቴን ግራ እጅ አየ፤ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ያለው ሥጋ ጎድጉዶ አጥንቱ ይታያል። ከዚያ እኔን አየኝ። ነገሩ ገብቶታል።

«ከዚህ የሚቀል የለህም?» አለ አባቴ።

«እኔ ጋ የለም። ቡራዩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ አለ። ጥይቱም ቀጭን፣ ምቱም ትንሽ። እሱም አዳኝ ነበር፣ ሳያውቁት አይቀሩም።»

እውነትም አባቴ ያውቃቸዋል። በድርጅቱ ዱካ ፈላጊ ነበሩ፤ አብረው ቆላ የወረዱ፣ አብረው የታመሙ። ከተያዩ ግን ዓመታት አልፈዋል። ቅዳሜ ወደ ቡራዩ ስንሄድ ሽማግሌው በር ላይ ቆመው ጠበቁን።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦሌሳ?» አሉት፤ እንዴት ነህ፣ ወንድሜ እንደማለት።

«ፋያዳ፣ ፋያዳ» አለ አባቴ። ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ሽማግሌው ሊያቅፉት ሲቀርቡ አንገታቸው ላይ ግንባሩን አስደገፈ። እንደዚያ ሆነው ቆዩ።

የሽማግሌው ግቢ ዙሪያውን በፎቅ ተከብቧል። ድሮ እርሻቸው እስከ ወንዙ ድረስ ነበር፤ አሁን የቀራቸው ቤቱና አንድ የባሕር ዛፍ ነው። «እኔ ከደጄ ወጥቼ የት ሄጄ ልተኩስ?» አሉ። «ሰው መስኮት ላይ?» ጠመንጃውን ከብርድ ልብስ ፈትተው አወጡት። ቀጭን፣ ጠቆር ያለ፣ መጫወቻ የሚመስል ፓምፕ ነው። አባቴ ተቀበለው፣ አነሳው፣ የባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ ላይ አነጣጠረ። ሰባት። ስምንት። ዘጠኝ። እጀታውን ሳበው፤ ሳይቸገር ሄደለት። ዘወር ብሎ ሲያየኝ ሐኪም ቤት ከሄድንበት ቀን ጀምሮ ያላየሁት ፈገግታ ፊቱ ላይ ነበር።

ስንነሳ ሽማግሌው እኔን ወደ ጎን ጠሩኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አባትሽ ይህን የሚፈልገው ለቆቅ ብቻ ነው?»

ያኔ ነው ሐሳቡ መጀመሪያ የመጣብኝ። «አላውቅም፣ አባባ» አልኳቸው።

«ጥይቱን ለእሱ አልሰጥም። ወረቀቱ ሲያልቅ ላንቺ ነው የምሰጠው። ደብቂው። ብቻውንም አትተዪው።»

መንገድ ላይ ጉዳዩን በልቤ እያመላለስኩ ሳለሁ አባቴ ራሱ ጀመረው።

«ምን አለሽ?»

«ምንም።»

«ለዚያ ቢሆን ኖሮ የድሮው ይበቃኝ ነበር፤ ቀላል ፈልጊልኝ አልልሽም ነበር» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አንድ ቆቅ ነው የምፈልገው። አንድ። ከዚያ እንደፈለገ ይሁን።»

አመንኩት። አምኜውም ጥይቱ ሲመጣ እንደምደብቀው ወሰንኩ።

ከዚያ የወረቀቱ ነገር መጣ። አንድ ሰው ሁለት መሣሪያ መያዝ ስለማይችል መጀመሪያ የድሮውን ማስረከብ ነበረበት። ጣቢያው ድረስ እኔ ተሸክሜለት ሄድን። መዝጋቢው ቁጥሩን ጽፎ ጥግ ላይ አቆመው፤ አባቴ ጠመንጃውን ሲያየው ቆየ። የጣት አሻራ ሲሰጥ ጣቱን ወረቀቱ ላይ የጫንኩለት እኔ ነኝ። ከዚያ ምስክር፣ ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ የጎደለ ማኅተም። «ሳምንት ተመለሱ» ይሉናል። ስንመለስ ፊርማው የሚጠበቀው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነው። የጸጥታው ነገር ስላለ ጥብቅ መመሪያ ወጥቷል ይሉናል። በማንም ላይ መፍረድ አልችልም፤ እነሱም ሥራቸው ነው። ግን የእነሱ ሳምንት የእኛ ሳምንት አልነበረም።

አባቴ ቤት ውስጥ በመጥረጊያ እንጨት ይለማመድ ነበር። ከቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ቆሞ ያነሳዋል፣ ይቆጥራል። ጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ። በግንቦት እስከ ስምንት ይቆጥራል። በሐምሌ እስከ አምስት። መስከረም ሲጠባ አንድ ጠዋት ሦስት ብሎ ቆመ፤ ከዚያ እንጨቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። አላነሳውም። እኔ አንስቼ ወደ ቦታው መለስኩት። ያን ቀን በመጥረጊያው ቤት ስጠርግ ልቤ ተሰበረ።

የጠመንጃው ፈቃድ በኅዳር ወጣ። አባቴ ያን ጊዜ እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው፤ ንግግሩም እንደ ሰከረ ሰው ተንተባትቧል። ሽማግሌው ጠመንጃውን አምጥተው ሲያስረክቡት እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ጥይቱን ለብቻዬ ሰጡኝ፤ ደበቅኩት። አባቴ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠመንጃውን እጁ ላይ እንዳስቀምጥለት ጠበቀ።

«ቅዳሜ» አለ።

ቅዳሜ ማለዳ የሥራ ባልደረባዬን መኪና እንደገና ተውሼ ወጣን። ከከተማው በላይ ያለው ኮረብታ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ውስጡ ድንጋይ ይጭናሉ። አባቴ አጥሩን አየና በአገጩ ወደ ፊት ወደ ጫንጮ አቅጣጫ አሳየኝ። ብዙ ነድተን ቁጥቋጦ ያለበት ቁልቁለት ስናገኝ መኪናውን አቆምኩ። ገብሱ ታጭዶ ነዶው ተከምሯል። ባለመሬቱን ፈልጌ ፈቃድ ጠየቅኩት። ሰውየው አባቴን በመኪናው መስኮት አይቶ፣ «ይግቡ፣ ምን ችግር አለ?» አለኝ። እሱ አንድ ወገን እኔ አንድ ወገን ይዘን ቁጥቋጦው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥነው። ጥይት አጉርሼ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አኖርኩለት። ሰውየው ከወደ ኋላ ቆመ።

ብርድ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ያን ቀን ፋብሪካ ከሰዓት በኋላ ተረኛ ነኝ፤ ሰዓቴን ደጋግሜ አያለሁ፤ ሳይ እሱም አይቶኛል። ከዚያ ከቁጥቋጦው ውስጥ ያ የሻከረ የቆቅ ድምፅ መጣ። አባቴ ራሱን ቀና አደረገ። ሁለት ወጡ፤ አንዷ ቃርሚያ እየለቀመች ወደ እኛ ቀረበች። ቅርብ ናት፤ እኔ እንኳ አልስታትም ነበር።

አባቴ አነሳ። አፈሙዙ ከጉልበቱ በላይ አልወጣም። እንደገና ሞከረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ላብ በግንባሩ ወረደ። ከዚያ ዓይኑን ከቆቋ ሳያነሳ፣ እየተንተባተበ፣

«ከስሩ... ያዢልኝ» አለ።

ሰምቼዋለሁ። የሚፈልገው አፈሙዙን በመዳፌ እንድደግፍለት ነው። ሌላ ምንም አይደለም። ግን ባለመሬቱ ከኋላ ሆኖ ያያል፤ የአባቴ ጣት ቃታው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ፈርቻለሁ፣ አፍሬያለሁ፣ ደክሞኛል። ከምን እንደጀመረ የማላውቀው ምሬት አፌ ድረስ መጣ።

«አባዬ፣ በቃህ» አልኩት። «ብርድ ነው። እንሂድ። ሌላ ቀን እንመጣለን።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ቆቋ በርራ ሄደች። አባቴ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አወረደና እስክወስድለት ጠበቀ። ባለመሬቱ መጥቶ እንደ አመጣነው ይዘን መለስነው።

ሌላ ቀን አልመጣም። አባቴ ስለ አደን ዳግመኛ አላነሳም። ከገና በኋላ መናገር አቆመ፤ በዐቢይ ጾም ምግብ የሚወስደው በቱቦ ነበር። ንቁ ሆኖ ያየኛል። ዓይኑ ሙሉ ነው፤ ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያውቃል። አንዳንድ ቀን ይቅርታ ልጠይቀው አጠገቡ እቀመጥና ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ አወራለታለሁ። ስለዚያ ቀን ብናገር መልስ መስጠት እንደማይችል አውቃለሁ። መልስ የማይሰጥ ሰውን ይቅርታ መጠየቅ ለእኔ መቅለያ እንጂ ለእሱ ምኑም አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አሁን ሳስበው ግን ፈሪ ስለሆንኩ ነው።

በሰኔ ሞተ። ጠመንጃውን ከነፈቃዱ ለጣቢያው አስረከብኩ። ጥይቶቹን ስቆጥር አንዱም አልጎደለም።

ሰዎች ሊያጽናኑኝ ሲፈልጉ ምን ያህል እንደደከምኩለት ይነግሩኛል። ሦስት ታክሲ፣ ሌሊት ልብሱን መቀየሩ፣ ቱቦው፣ ሁሉንም ያውቃሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለአንድ ዓመት ተኩል የጠየቀኝን ሁሉ አድርጌለታለሁ። ከዚያች አንዷ በቀር። እሷን ግን ማንም አያውቃትም፤ አፈሙዙን ለመደገፍ መዳፌን መዘርጋት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፣ ምናልባትም ለግማሽ ደቂቃ።