አጎቴን ተከትላ የሞተችው ሰዓት

ባለፈው ሳምንት ሞጣ ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ አንድ ጎልማሳ ከጎኔ መጥቶ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። የድሮ የብር የኪስ ሰዓት ፎቶ ነው። «አባባ፣ እንዲህ ያለ ሰዓት ያለው ቤተሰብ ያውቃሉ? ሰብሳቢ ነኝ» አለኝ። የዘገንኩትን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለስኩት። የሟች ስም ሲጠራ ገና ሴቶች ይጮኻሉ፣ ይኼ ሰዓት ይሰበስባል! «ተነሥልኝ ከዚህ» አልኩት። ሰው ዞር ብሎ አየኝ። ይየኝ።

ሰብሳቢ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በቅሎውን ጭኜለታለሁ።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ቢቸና ለአቶ ሙሉነህ በቅሎ ጫኝ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ከሌላ አገር ተሹመው የመጡ፣ የመሬት ክርክር የሚሰሙ ሰው ናቸው። ዛሬም አንቱ እላቸዋለሁ፤ ምላስ የለመደውን አይተውም እንጂ አይገባቸውም።

ከሰዓት ሌላ ፍቅር አልነበራቸውም። ተራ ሰዓት ደግሞ አይወዱም። የብር የኪስ ሰዓት ሆና፣ ቁልፉን ሲጫኑት ቀጭኗ ጠቋሚ ተነሥታ የምትሮጥ፣ ደግመው ሲጫኑት ቀጥ የምትል፣ ሦስተኛ ሲጫኑት ወደ ቦታዋ የምትመለስ መሆን አለባት። በጥጥ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ያስተኟቸዋል። ብሩን በሎሚና በአመድ የማሸው እኔ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ያኔ የሰዓት ቁጥር አላነብም። ግን እያንዳንዷን እንደ በቅሎ በመልኳ ለይቼ አውቃታለሁ። አንዷ የተበላሸች ነበረች፤ ማንጠልጠያዋ ሥር የተጨረመተች፣ ቀጭኗ ጠቋሚዋ የማትነሣ። «ለዚች ምን አደከመኝ?» ስላቸው «እሷም ሥራ አላት» ይሉኝ ነበር።

ባገራችን ትልቅ ሰው ሲሞት ጠመንጃው፣ ካባው፣ የተጫነ ፈረሱ ለቅሶው መሃል ይወጣል። ወዳጅ የሆነ ሁሉ አንዱን ዕቃ አንሥቶ ይዞ ያለቅሳል። አቶ ሙሉነህ ይህን ልማድ ካወቁ ወዲህ የማይደርሱበት ለቅሶ ጠፋ። «እንዴት ያለ ሰው አክባሪ ሹም ነው!» ይላል ሕዝቡ። እኔም እል ነበር።

ነሐሴ ላይ የአጎቴ የታፈረ መርዶ ከሞጣ መጣልኝ። አጎቴ ታፈረ በጥምቀት የፈረስ ሩጫ ዳኛ ነበር። ከጣሊያን ወረራ የተረፈች የብር ሰዓት ነበረችው፤ ፈረሱ ሲነሣ ይጫናታል፣ ሲደርስ ይጫናታል፣ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። ከሱ እጅ በቀር የነካት እጅ አልነበረም።

«ጌታዬ፣ ለቅሶ ልድረስ፣ ፈቃድ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«የምን ፈቃድ! አብሬህ እሄዳለሁ። ያንተ አጎት ለኔስ ማን ነው?»

ጉልበታቸውን ሳምኩ። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ከንፈሬን እጠርጋለሁ።

ጭቃው የበቅሎዋን እግር እስከ ጉልበት ይውጣል። ደብረ ወርቅ አደርን። የኔን በሶ አብረውኝ በሉ፤ የራሳቸውን ዶሮ ግን ለብቻቸው። በማግሥቱ ጉም እየተገፈፈ፣ የጤፉ ቡቃያ እየታየ፣ ስለ አጎቴ እየጠየቁኝ ሞጣ ገባን። እኔ ሞኙ ሰዓቷን ሳይቀር አወራሁላቸው።

ለቅሶው ሞልቷል። የአጎቴ ባለቤት እትዬ ዘውድነሽ ሰዓቷን በሰንሰለቷ ይዛ ታለቅሳለች። አቶ ሙሉነህ «ወንድሜ! ዳኛዬ!» እያሉ ገቡ። በሕይወታቸው አይተውት አያውቁም። ሰዓቷን ከእጇ ተቀብለው ደረታቸው ላይ ለጠፉ፣ ካባቸውን ተከናንበው መሬት ድረስ አጎነበሱ፣ ተንሰቀሰቁ። ከዚያ መለሱላት። ሰው ከንፈሩን መጠጠ።

ወጣቶቹ የአጎቴን ፈረስ ለመጨረሻ ጊዜ ሊያስጋልቡ አወጡት። «እንደ ልማዱ ይለካለት!» አሉ ሽማግሌው ግራዝማች በላቸው። ፈረሱ ሲነሣ እትዬ ዘውድነሽ ቁልፉን ተጫነች። ጠቋሚዋ አልተነሣችም። ደግማ ተጫነች። እምቢ።

«ተከትላው ሞተች!» ብላ ጮኸች።

ለቅሶው እንደ አዲስ ነደደ። አልቃሿ ጊዜ አላጠፋችም፤

«ንብረት ይቀራል ያለው ማነው ሐሰት፣
ጌታዋን ተከትላ ሞተች የብር ሰዓት» አለች።

«እውነት ነው! እውነት ነው!» ብለው አቶ ሙሉነህ ከሁሉ በላይ አነቡ። እኔ ግን ጠጋ ብዬ አየኋት። ማንጠልጠያዋ ሥር የተጨረመተች ናት።

«ይቺ የአጎቴ አይደለችም! ኪሳቸው ይፈተሽ!»

«ዝም በል አንተ!» አሉኝ ግራዝማች። «እንጀራ በሚያበላህ ጌታ ላይ?»

ካባቸውን ይዤ ጎተትኩ። የአጎቴ ሰዓት ጭቃው ላይ ዱብ አለች፤ ቁልፏን ድንጋይ ነክቶት ኖሮ ቀጭኗ ጠቋሚ ትሮጣለች። ያላየ ሰው የለም። አልቃሿ እንኳ ግጥሟን አቋረጠች። አሁን ዱላ ይነሣል ብዬ ጠበቅሁ።

ግራዝማች ቀስ ብለው ጎነበሱ። ሰዓቷን አነሡ። በጋቢያቸው ጫፍ ጭቃዋን ጠረጉ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ሰብረው፣ ለአቶ ሙሉነህ አቀረቡላቸው።

«ጌታዬ፣ ወደቀብዎት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተቀበሉ።

«እትዬ፣ አላዩም?» አልኩ ወደ ዘውድነሽ ዞሬ። ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። «የድንበር ክርክር አለብን፣ ልጄ» አለችኝ በሹክሹክታ። ክርክሩን የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። አልቃሿ ጉሮሮዋን ጠርጋ ካቆመችበት ቀጠለች። የበቅሎዋን ልጓም እዚያው ጥዬ ሄድኩ።

ሌባውን ተውት፤ ሌባ ሥራው ስርቆት ነው። እኔን ሃምሳ ዓመት ያቅለሸለሸኝ ያ «ወደቀብዎት» ነው። የማይሰርቁ እጆች ጠርገው ባያቀርቡለት ሌባ ብቻውን የት ይደርስ ነበር?

የአጎቴ የልጅ ልጆች ዛሬም በዓል በመጣ ቁጥር ያወሩታል። አያታቸው ሲሞት የብር ሰዓቱ አብራው ሞተች፤ ግጥሙን ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል። ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃል። «አባባ፣ እርስዎ እኮ እዚያ ነበሩ፣ እውነት ነው?» ይሉኛል። እናታቸው፣ የአጎቴ ልጅ፣ ያን ቀን ከእናቷ ጎን ቆማ ነበር። እኔ አፌን ስከፍት እሷ ወጥ ትጨምርልኛለች።