ቨርኒሽ የተቀባው በገና

የኔታ በገና የሚያስተምሩን ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ባለችው ቤታቸው በረንዳ ላይ ነበር። ከአያታቸው የወረሱት በገና አላቸው። ጣታቸውን ስለሚያማቸው ራሳቸው መደርደር ትተዋል፤ በገናው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንዲቀርም አይወዱም። ስለዚህ እጁ ለተፍታታ ተማሪ ያውሱታል፤ ተማሪው የራሱን ሲያገኝ ይመልስና ለሌላው ይተላለፋል። አንድ ዓመት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ ለእኔ ሰጡኝ።

«በየቀኑ ደርድሪው። ዝም ካለ ድምፁ ይደክማል» አሉኝ።

እንጨቱ በጭስና በእጅ ብዛት ጠቁሯል፤ የደርዳሪ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ጎድጉዷል። ድምፅ የሚያስተጋባውን ሣጥን፣ ገበቴውን፣ የሸፈነው ቆዳም ተላልጧል። ስደረድረው ግን ድምፁ ደረቴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

ጾሙን በእሱ ከረምሁ። ለፋሲካ ሐሙሲት ከተማ፣ እናቴ ዘንድ ይዤው ሄድሁ። እናቴ እዚያ መንገድ ዳር ሻይ ቤት አላት። ዘመዶቼ የራሴን በገና አሠርተውልኝ ስለነበር፣ የየኔታን ልመልስ መሆኔን ነገርኋት። አገላብጣ አየችው።

«እንዲህ ሆኖ ነው የምትመልሽላቸው?»

«ሲሰጡኝም እንዲሁ ነበር።»

«ቢሆንም» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አክስቴን ልጠይቅ ይፋግ ሄጄ ሰነበትሁ። ስመለስ እናቴ ወደ ጓዳ ወሰደችኝና ከበገናው ላይ ነጠላውን ገለጠች። እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ በቨርኒሽ እንደ አዲስ ቁም ሣጥን ያበራል። አሮጌው ቆዳ ተገፍፎ በምትኩ ነጭ ቆዳ ተወጥሯል። አልጋና ጠረጴዛ ለሚሠራው ጎረቤታችን ሰጥታው ነው። ደስ ብሏት ታየኛለች። ነጠላውን መልሼ አለበስሁት።

«ራሴ አስረክባቸዋለሁ» አለች። በሚኒባሱ ውስጥ ሰው እንዳይገፋው አቅፋው ሄደች። እኔ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

የኔታ ተቀብለው በመዳፋቸው ዳበሱት። እጃቸው ጎድጓዳው ከነበረበት ላይ ሲደርስ ቆመ። አንገቴን ደፋሁ።

«እስኪ ድምፁን አሰሚኝ» አሉኝ።

ደረደርሁት። ድምፁ ደርቆ ቆርቆሮ ቆርቆሮ አለ። እናቴ ቤት ውስጥ ስለማመድ ትሰማኝ ነበርና ወዲያው ገባት።

«እንዲህ አልነበረም» አለች ቀስ ብላ። «የኔታ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ። ሳውስ እንዴት እንደሚያዝ ለቤተሰቡ መንገር ነበረብኝ። አንቺማ ልታስከብሪኝ ነው የለፋሽው።»

እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። በእሷ ማፈሬን ስታይብኝ ደግሞ የበለጠ አፈርሁ።

ሐሙሲት እንደተመለሰች አሮጌውን ቆዳ ፍለጋ አናጺው ዘንድ ሄደች። ከፍቅፋቂው ጋር ተቃጥሏል። ክረምቱን የኔታ አዲሱን ቆዳ አስነስተው፣ በገና የሚያውቅ ሰው ሌላ ቆዳ እንዲያለብሰው አደረጉ። ድምፁ ተሻለ፤ የድሮው ግን አልሆነም።

አሁን አንዲት ጎበዝ ልጅ ተውሳዋለች። ባለፈው በረንዳው ላይ ስትደረድር ቆሜ ሰማኋት።

«እንዲህ የሚያምር ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። አንቺ ጋ ሳለስ እንዲህ ነበር?» አለችኝ።

የኔታ አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። እኔ ሳልመልስ ቀድመው «ጎበዝ፣ ከመጀመሪያው ድገሚው» አሏት።