ከጨጓራ ሐኪሙ በፊት ሁለት ቅል ጨሞ

ነርሷ «ከማታ ጀምሮ ምግብ የለም፣ ጠዋትም ቡና የለም» ብላኝ ነበር። እኔም በቀጠሮዬ ቀን፣ ገና በማለዳው፣ ሁለት ቅል ጨሞ ግጥም አደረግሁ።

ምን ላድርግ? ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ስገዛና ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለእኔ ቡና ማለት ፍሬው ነው። ቅጠሉን በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ አፍልተው የሚጠጡት ጨሞ ሌላ ነገር ነው። ስለ ቅጠል ደግሞ ነርሷ ምንም አላለችም። ጠበቃ ብሆን ኖሮ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ አንድም ሰው አይታሰርም ነበር።

ሐኪሙ ከጅማ የሚመጣው በወር አንድ ቀን ብቻ ነው። ሁለቴ አምልጬዋለሁ። አንዴ «ቴፒ ለቅሶ አለብኝ» ብዬ ነበር፤ ባለቤቴ ማን እንደሞተ ስትጠይቀኝ ግን ሟቹን ማዘጋጀት ረስቼ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በጉሮሮ የሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ እንዳለ ከሰማሁ ወዲህ ወኔዬ ከድቶኛል። ሆዴ ግን ቃጠሎውን አልተወም፤ ቀበቶዬ ላይ በሚስማር ሦስት አዲስ ቀዳዳ ከፍቻለሁ። እኔ በቀበቶው እቀልዳለሁ። ባለቤቴ አትስቅም።

ዋዜማውን እስክሪብቶ ይዛ ለሐኪሙ የሚነገረውን ጻፈች።

«ስንት ጊዜ ያቃጥልሃል?»

«አልፎ አልፎ።»

«በየቀኑ» ብላ ጻፈች።

«ሚጥሚጣስ?»

«ለሽታ ያህል።»

«በማንኪያ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ከየጎረቤቱ የለቀምኳቸውን ክኒኖች በፌስታል አስራ አስቀመጠች፤ ወጥ ቤቱን ቆልፋም ቁልፉን ትራሷ ሥር ከተተች።

ለዚህ ነው ጠዋት «አጥሩን ልይ» ብዬ የወጣሁት። የአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን ስለ ቀጠሮዬ አታውቅም፤ እንደ ወትሮዋ ቀዳችልኝ። የመጀመሪያው የእሷ ጥፋት ነው እንበል። ሁለተኛውን ግን ጠይቄ ነው።

ክሊኒኩ ስንደርስ ነርሷ «አባባ፣ ዛሬ የቀመሱት ነገር አለ?» አለችኝ።

«ምንም!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ከጨሞ በቀር።»

ባለቤቴ ፊቴን አላየችም። ቀበቶዬን ነው ያየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ የጠበቃነቴ ነገር አሳፈረኝ።

«እንግዲህ ከስምንት ሰዓት በፊት አይገቡም» አለች ነርሷ። «የከሰዓቱ ተራ ደግሞ ሞልቷል። የሚለውጥዎ ሰው ካገኙ ጥሩ፤ አለዚያ ለሚቀጥለው ወር ነው።»

የመጨረሻውን ቁጥር የያዘው ከጌጫ የመጣ፣ የእኔው ዕድሜ እኩያ የሆነ ሰው ነበር፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዞረዋል።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «ምግብ ቀምሰሃል?»

«ፍርሃት መቼ ያስበላል! ከትናንት ምሳ ወዲህ ውኃ እንኳ አልወረደልኝም።»

«እንግዲያው ተራ እንለዋወጥ።»

«ኧረ ተወኝ! መጨረሻ የሆንኩት እኮ እስከዚያ ሐኪሙ ይደክመዋል ብዬ ነው። አንተ ቀድመህ ገብተህ ብትነግረኝ ነው የሚሻለኝ።»

ይህን ብሎ ባለቤቴን አየት አደረጋት፤ ወረቀቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ባርኔጣውን ማዞር ተወና ካርዱን ዘረጋልኝ።

«በል አምጣው። አንተ ሽማግሌ፣ ነፍሴን ነው ያወጣሃት!»

ተጠርቶ ገባ። ሲወጣ ዓይኑ ደም መስሏል፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይጠርጋል፣ ድምፁ ጎርንኗል።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

«ምንም የለውም። እንደ ቆጮ ነው፤ ዋጥ ማድረግ ብቻ።»

አመንኩት። ማመን ፈልጌ ነበርና አመንኩት። ስምንት ሰዓት አልፎ ስጠራ ሙሽራ መስዬ ገባሁ። ቱቦው ምላሴን ሲያልፍ ሰውየው ምን ያህል እንደዋሸኝ ገባኝ፤ ግን አፌ ተይዟል፣ ለመሸሽም ዘግይቻለሁ።

ሐኪሙ የባለቤቴን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበ። «ቁስለት ነው፤ መድኃኒቱን በሥርዓት ከወሰዱ ይድናል» አለ። ሚጥሚጣ ቀረ። ጨሞም ስሙ ተጠርቶ ተከለከለ፤ ባለቤቴ «ቅጠሉም፣ ፍሬውም» ብላ አስጽፋለች። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ቀበቶዬን ጎተት አድርጋ ሳቀች። ከሳቀች ወራት ሆኗት ነበር።

ያ ሰው እኔ ስወጣ በጌጫ መኪና ሄዷል። ነርሷን ብጠይቃት የእሱም የክትትል ቀን ከእኔ ጋር አንድ መሆኑን ነገረችኝ። በዚያን ቀን ጨሞ ሳልጠጣ በጊዜ እደርስና ቀድሜው እገባለሁ። ስወጣም ዓይኔን በደንብ ጠርጌ፣ ድምፄን አስተካክዬ «ምንም የለውም» እለዋለሁ። አንድ ጥሩ ውሸት አለብኝ።