ከውሃ መልሶ መጥራት

ሽኩር፣ አጥናፉን የጨርቅ መደብሩ በር ላይ ዘበኛ አድርጎ ሲያስቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ለመነው፤ ሰው ሲያልፍ «ግቡ» እንዲል። በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ዙሪያ ያለ ባለሱቅ ሁሉ «እናቴ፣ እህቴ፣ ግቢ» እያለ አላፊ አግዳሚውን ሲጣራ ይውላል። አጥናፉ ግን ኮፍያውን ነካ አድርጎ እጅ ይነሳል እንጂ ቃል አይወጣውም።

«ጋሽ አጥናፉ፣ ‹ግቡ› ማለት ቀረጥ የለውም እኮ!» ይለዋል ሽኩር።

አጥናፉ ፈገግ ይላል። ስንፍና አይደለም፤ የጀልባ ነገር ነው።

በአገሩ አንድ ወንዝ ጣና ሐይቅ ሊገባ ሲል ተንጣልሎ፣ ወንዝ ይሁን ሐይቅ የማይለይበት አፍ አለው። በዚያ ላይ ሰው የምታሻግረው መጀመሪያ የአባቱ የደንገል ታንኳ ነበረች፤ ውሃ እየጠጣች ስትከብድ በየጊዜው እንደ አዲስ የምትታሰር። በኋላ ገበሬ ማኅበሩ ባለሞተር የብረት ጀልባ ገዛ። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ካልለመኑት አይነሳም ነበር። የገበያ ፍየል፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ ሬሳ የተሸከመ ለቀስተኛ፣ ሁሉም በአጥናፉ እጅ አልፏል። ሚስቱንም በሰርጓ ቀን ያሻገራት ራሱ ሙሽራው ነው፤ ካባውን አውልቆ።

አባቱ በጎልማሳነታቸው ዳር ቆሞ የሚያመነታ መንገደኛ አይተው «ና ግባ፣ ምን ያስፈራሃል?» ብለው ጠሩት። ማዕበል ተነሥቶ ታንኳዋ ተገለበጠች። እሳቸው ዋኝተው ወጡ፤ ሰውየው አልወጣም። ሽማግሌ ገብቶ ከሟች ዘመዶች ጋር ታረቁ፤ ከራሳቸው ጋር ግን አልታረቁም። መቅዘፊያውን ለልጃቸው ሲያስረክቡ አስማሉት።

«ሰው ይጥራህ እንጂ አንተ ሰውን ወደ ውሃ አትጥራ። ጠርተኸው የቀረ እንደሆነ ነፍሱ ባንተ አንገት ናት።»

አጥናፉ መሐላውን ጠበቀ። ማዶ የቆመ መንገደኛ እጁን አፉ ላይ አድርጎ «አጥናፉ ኧረ!» ብሎ ይጣራል፤ እስኪሰማ ድረስ ይጣራል። እሱ ሲሰማ ይሄዳል፤ «ግባ» ግን አይልም። ዕድሜውን ሲጠሩት ኖረ።

ከዚያ ከወንዙ ከፍ ብሎ ድልድይ ተሠራ፣ አስፋልትም መጣ። በምረቃው ዕለት ሲጨፍር የዋለ ሕዝብ በማግስቱ ጀልባዋን ረሳት፤ ተገልብጣ የዶሮ መጠለያ ሆነች። ሚስቱም ሞተችበት። ልጁ ናዝራዊት «እዚህ ምን ቀረህ?» ብላ አዲስ አበባ አመጣችው፤ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየችለት።

ቴዎድሮስ አደባባይ የታክሲ ረዳቶችን መጀመሪያ ሲያይ አማተበ። «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያሉ ሰውን በእጅጌው ጎትተው ያስገባሉ። ይህ ሁሉ ነፍስ በአንድ ጎረምሳ አንገት ላይ! አዘነላቸው።

ናዝራዊት ስድስት ኪሎ ከጓደኛዋ ጋር ትኖር ነበር። እሑድ እሑድ እየመጣች ሻይ ይጠጣሉ። ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ደጋግማ ታስተካክላለች። «እደሪ» እንዲላት ነበር፤ «አብረን እንኑር» ቢላትማ እዚያው ጫማዋን በፈታች። እሱ ደግሞ እሷ እንድትጠራው ይጠብቃል። ልማዱ ነዋ። «በሰላም ግቢ» ብቻ ይላታል። እሷም አባቷ ብቻውን መሆን የሚወድ መስሏት መምጣቷን እያሳሳች ሄደች። አጥናፉን ብቸኝነት ክፉኛ ጎዳው። የጠጣችበትን ብርጭቆ ሳያጥብ ቀናት ያቆየው ነበር።

ባለፈው መስከረም ከሰዓት በኋላ ሳይጠብቃት መጣች።

«አባዬ፣ ድሬዳዋ ሥራ አግኝቻለሁ። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።»

«እግዜር ይከተልሽ።»

በሩ ላይ ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች። «ሌላ የምትለኝ የለም?»

«ምን እላለሁ ልጄ?»

ሄደች። ሻይዋን እንኳ አልጨረሰችም። ብርጭቆውን ሲያነሳ ገና ትኩስ ነበር፤ ያ ሙቀት አላስቀምጥ አለው። ኮፍያውን ሳያደርግ ወጥቶ ሽማግሌ መሆኑን ረስቶ ሮጠ።

አደባባዩ ሲደርስ መንገዱ በመኪና ተሞልቷል። ናዝራዊት ማዶ ሚኒባስ ልትሳፈር ተሰልፋለች። አጥናፉ እንደ ልማዱ ዞር ብላ እስክታየው ቆሞ ጠበቀ። አልዞረችም። አንድ እግሯን መኪናው ላይ ስታወጣ ግን አንድ ነገር ታየው። አባቱ የከለከሉት ሰውን ወደ ውሃ መጥራት ነው፤ ከውሃ መልሶ መጥራትን ማን ከለከለ? እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«ናዝራዊት ኧረ! ናዝራዊት!»

ረዳቱ ራሱ ጥሪውን አቋርጦ ዞረ። «ኧረ ፋዘር፣ እንጀራችንን ልትቀማን ነው እንዴ!»

ናዝራዊት ወርዳ መኪኖቹ መሐል እየተሹለከለከች ተሻገረች።

«ምነው አባዬ፣ የረሳሁት ነገር አለ?»

«እኔ አለሁ» አላት። «አትሂጂብኝ።»

ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «ይቺን ቃል እኮ ነው ስጠብቅ የኖርኩት። ምነው ዛሬ? ፈርሜያለሁ፣ ቤቱንም ለቅቄያለሁ።»

አላፊው ሁሉ እያያቸው ቆመው አለቀሱ። በማግስቱ ሄደች።

አሁን አጥናፉ የመደብሩ በር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያወጣና ራሱ ይደውላል። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «ነይ» ይላል። «እመጣለሁ አባዬ፣ ለገና» ትላለች፤ ገና ሲያልፍ ለፋሲካ። እሱ አይቀየምም፣ አይታክትምም፤ በማግስቱ ደግሞ ይደውላል። ማዶ የቆመ ሰው እስኪሰማ መጣራት እንዳለበት እሱ ያውቃል።