ዕቃ ሰባሪዋ ሙሽራ

ልጅ ሳለሁ፣ ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ ተረት የሚያወሩልን የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ ነበሩ። እሳቸው የበግ ፀጉር እየፈተሉ ያወራሉ፤ እኛ የኩበቱ ጢስ ዓይናችንን እያቃጠለን እንሰማለን። ከሁሉ የምንወደው ሳትገረዝ ስለተዳረችው ሙሽራ የሚያወሩትን ነበር፤ አማቷ ቤት በገባች በመጀመሪያው ቀን ገንቦውን፣ በሁለተኛው ምጣዱን፣ በሦስተኛው ጋኑን ሰበረች። ያኔ በእኛ አገር ያልተገረዘች ሴት ዕቃ ትሰብራለች ይባል ስለነበር፣ ነገሩን የተጠራጠረ ሰው አላስታውስም።

እናቴ ታናሽ እህቴን በወለደች በስድስተኛው ቀን ምሽት እትዬ አስካለ ይህንኑ ተረት አወሩ። ሴት ልጅም በስምንተኛው ቀን ትገረዝ ነበርና ለገራዧ ተነግሯታል። እናቴ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ ጉዳቱ ስታስተምር ሰምታለች፤ አባቴን ፈርታ ግን ዝም ብላ ነበር።

እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። ከሁለት ቀን በፊት የፋኖሱን ብርጭቆ ሰብሬአለሁ። ስለዚህ ተረቱ ሲያልቅ፣ እኔንም ከሕፃኗ ጋር ልትገርዙኝ ነው ወይ ብዬ አለቀስኩ።

«አንቺማ ዱሮ ተገርዘሻል» አሉኝ እትዬ አስካለ።

«ታዲያ ብርጭቆውን ለምን ሰበርኩት?»

እንዝርቱ ቆመ። ቀድሞ የሳቀው አባቴ ነው፤ «እትዬ፣ በሉ እንግዲህ መልሱላት» አላቸው። እሳቸውም ይቺ ጠበቃ ናት ብለው አብረው ሳቁ። ያኔ እናቴ ከተኛችበት መደብ ላይ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ «ይቺን ሕፃን አላስነካትም» አለች።

አባቴ ወዲያው እሺ አላለም። በማግስቱ የንስሐ አባታችንን ጠየቀ፤ ሃይማኖታችን ሴት ልጅን ግረዙ አይልም አሉት። ገራዧን እንዳትመጣ ሄደው የነገሯት እትዬ አስካለ ራሳቸው ናቸው።

በኋላ በጋዜጠኝነት ሥራዬ በብዙ መንደር ስለዚህ ጉዳይ ጠይቄ ጽፌያለሁ። ጉዳቱን ያልሰማ ሰው ያገኘሁት ጥቂት ነው፤ የብዙዎቹ ችግር ቤት ውስጥ ማን ቀድሞ ይናገር የሚለው ነበር። ዘንድሮ እህቴ ሴት ልጅ ወለደች፤ ስምንተኛው ቀን ማንም ነገሬ ሳይለው አለፈ። ሕፃኗን ልናይ በሄድንበት እናቴን ያን ምሽት እንዴት ደፍራ እንደተናገረች ጠየቅኳት።

«አባትሽ እየሳቀ ነበር» አለችኝ። «ሳቁ ሳያልቅ ልናገር ብዬ ነው።»